የበልግ ዝናብ "ገባ" የሚባለው መቼ ነው?

የካቲት ሲጋመስ በሰሜን ሸዋ፣ በደቡብ ወሎና በሰሜን ወሎ ደጋማ ቀበሌዎች የሚኖር አርሶ አደር ሰማይ ሰማይ ማየት ይጀምራል። ገብስና ምስር የሚዘራበት በልግ ደርሷልና። በተለይ የመኸር ሰብል በውርጭ በሚመታበትና መሬቱ ውኃ በሚቋጥርበት ደጋ የዓመት ቀለቡን ከበልግ የሚጠብቅ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ለዚህ ቤተሰብ ትልቁ ጥያቄ፣ የወረደው ዝናብ የወቅቱ መግቢያ ነው ወይስ አላፊ የሚለው ነው። በአላፊ ዝናብ የተዘራ ዘር በቅሎ ይደርቃል፤ ዳግም ለመዝራት ደግሞ ጎተራው ባዶ ሊሆን ይችላል።

በበጋ ወራት ወደ አገራችን የሚነፍሰው ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከዓረቢያ ምድር የሚመጣ ደረቅ ነፋስ ነው። በልግ ሲቃረብ በዚያ ምድር ላይ የሰፈረው ከፍተኛ የአየር ግፊት ወደ ዓረቢያ ባሕር ፈቀቅ ይላል፤ ነፋሱም ባሕሩን አቋርጦ ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ እርጥበት ይዞ ይገባል። ይሁን እንጂ እርጥበት ብቻውን ዝናብ አይሆንም። በሜድትራንያን በኩል ከፍ ብሎ የሚያልፈው የምዕራብ ነፋስ ወደ ደቡብ ሲታጠፍ ከሥር ያለው እርጥብ አየር ወደ ላይ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ይዘንባል። እጥፋቱ ወደ ምሥራቅ ሲያልፍ ሰማዩ መልሶ ይጠራል። በልግ ሁለት ሦስት ቀን ጥሎ ለሳምንታት የሚጠፋው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። በደቡብ ምዕራብ ነፋስ የሚመጣው ክረምት ግን እንዲህ አይቆራረጥም።

ተራራውም የራሱ ድርሻ አለው። ከአፋር ሜዳ ወደ ምዕራብ የሚጓዘው አየር ጣርማ በርን ሲጋፈጥ ወደ ላይ ወጥቶ ይቀዘቅዛል፤ ጉምና ዝናብም ይሆናል። ደብረ ሲና በጉም ተሸፍና ሳለ ባሕር ዳር ፀሐይ ሊያቃጥል ይችላል። የጎጃምና የጎንደር ሰው በልግን ከቁም ነገር ባይቆጥረው አይፈረድበትም።

የግብርና ሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ዝናቡ ገባ የሚሉት በሦስት ተከታታይ ቀናት ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ጥሎ፣ በቀጣዮቹ 30 ቀናት ውስጥ ዝናብ አልባው ጊዜ ከ10 ቀን ካልበለጠ ነው። የመጀመሪያውን ማንም ሰው በደጁ ሊለካ ይችላል። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ከቤትና ከዛፍ ርቆ በገላጣ ቦታ ይቀመጥ፤ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት የውኃው ከፍታ በማስመሪያ ተለክቶና ተጽፎ ይደፋ። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው። የጣሪያ ውኃ ለማጠራቀም ላሰበ የከተማ ነዋሪም ይህ ስሌት ይጠቅማል፤ 40 ካሬ ሜትር ቦታ የሚሸፍን ቆርቆሮ በ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ እስከ 400 ሊትር ይሰጣል።

ሁለተኛው መስፈርት ግን የወደፊቱን ስለሚጠይቅ በጣሳ አይታወቅም። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአሥር ቀኑ የሚያወጣው ትንበያ ያስፈልጋል። የወቅቱ ትንበያ የሚናገረው ስለ ሰፊ አካባቢ ነው፤ ለመዝሪያ ቀን የሚረዳው የአሥር ቀኑ ነው። ኤልኒኖ ባለበት ዓመት በልግ የመጠንከር፣ ላኒና ባለበት ደግሞ የመዳከም ዝንባሌ አለው፤ ሆኖም በ2007 ዓ.ም. ኤልኒኖ እየተጠናከረ ሳለ የምሥራቅ አማራ በልግ ሳይሳካ ቀርቷል።

ሽማግሌዎች የነፋሱን አቅጣጫ አይተው የሚናገሩትም ከላይ ከተገለጸው አሠራር ጋር ይስማማል። ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ጠዋት ጠዋት በገደሉ አፋፍ ላይ ጉም ሲያድር እርጥበቱ መግባቱን ያሳያል። ዘር ከመዝራት በፊት ግን አፈሩን አንድ ስንዝር ቆፍሮ መጨበጥ ይሻላል። ላዩ ረጥቦ ሥሩ ዱቄት ከሆነ፣ ጣሳው የቱንም ያህል ቢያሳይ፣ ማሳው ገና አልጠገበም።