የመንፉሃዋ ጤና አዳም

እንግዲህ ስሙኝ፤ ቡናው እስኪፈላ ትረካው ይደርሳል።

ሪያድ ከተማ በስተደቡብ መንፉሃ የሚባል ሰፈር አለ። ዐረቦቹ ከእስልምና በፊት የነበረው ባለቅኔያቸው አል አዕሻ የተወለደበት ቀዬ ነው ይሉታል። እኛ ደግሞ በእንጀራው፣ በበርበሬው፣ አርብ አርብ ከየቤቱ በሚወጣው የዕጣን ጭስ እናውቀዋለን። ከሐርቡ፣ ከከሚሴ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ የመጣው ሰው እዚያ በር ለበር ይኖራል። እኔም የሰው ቤት ስሠራ አርብ ፈቃድ ያገኘሁ እንደሆነ መሄጃዬ መንፉሃ ነበር፤ መንፉሃም ገብቼ ቀጥታ የምወጣው አንድ ጣሪያ ላይ ነው።

ጣሪያው የእመዬ ነው። ስማቸውን አልነግራችሁም፤ ሁላችንም እመዬ ነበር የምንላቸው። የሐርቡ ሴት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሰው ቤት ሥራ የጨረሱ። ሪያድ ሲገቡ ከሁሉ የናፈቃቸው ጤና አዳም ነበር። «የልጄንስ ድምፅ በስልክ እሰማዋለሁ፤ ጤና አዳም በስልክ አይሸትም» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ አሠሪያቸውን ተከትለው መሽተል ሄዱ። መሽተል ችግኝ መሸጫው ነው። ማዳም ጽጌረዳ ስትመርጥ፣ እመዬ ዕቃ ይዘው ከኋላ ሲያልፉ ቀሚሳቸው አንድ ነገር ነካ። ሽታው ወጣ። «እግሬ ተያዘ ልጄ፤ አገሬ የገባሁ መሰለኝ» ነው ያሉኝ። ዞር ብለው ቢያዩ ቅጠሏ ደቃቅ፣ አመድ የነካው አረንጓዴ የምትመስል ጤና አዳም በጥቁር ላስቲክ ተተክላ ቆማለች። ሻጩ የመናዊ ነበር። ምንድን ናት ቢሉት «ሸዛብ» አላቸው። በሳዑዲ ደቡብ፣ በተራራው አገር፣ ከሪሐን ጋር ጎንጉነው ራሳቸው ላይ የሚያደርጓት ሸዛብ።

እኛ የብቻችን የምትመስለን ጤና አዳም እዚያም ስም አላት። አደሳችንንም የመኖቹ ሀደስ ይሉታል። የዐሲር ተራራና የእኛ ደጋ ፊት ለፊት የሚተያዩ ናቸው፤ ቀይ ባሕር መሐላቸው ገብቶ ሳይለያቸው አንድ ምድር ነበሩ። እመዬ ይህን በትምህርት አያውቁትም፤ በአፍንጫቸው ግን ደረሱበት።

ያቺን ችግኝ ገዝተው ጣሪያ ላይ አኖሯት። ሞተች። ሁለተኛ ገዙ፤ እሷም ሞተች። ምክንያቱን ያገኙት በሦስተኛዋ ነው፤ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የገደላት ጥማት አይደለም፤ ውኃው ነው። ሪያድ ላይ በዓመት የሚጥለው ዝናብ ተጠራቅሞ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ብዙው የከተማው ውኃ ከባሕረ ሰላጤው ዳር ጨው ተለይቶለት፣ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በቧንቧ ተጉዞ ይመጣል። መጥቶም ጣሪያ ላይ በታንከር ይጠራቀማል። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሲደርስ የታንከሩ ውኃ ለሻይ የተጣደ ነው የሚመስለው፤ እጅ ያቃጥላል። እመዬ ቀን ቀን እያጠጧት ሥሯን ሲቀቅሉ ከርመዋል። «በገዛ እጄ!» እያሉ ደረታቸውን ይመቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥርዓት አወጡ። ማታ ባልዲ ሞልተው ክፍል ውስጥ ያሳድራሉ፤ የንጋቱ የሱብሂ አዛን ሳይል ተነሥተው የቀዘቀዘውን ውኃ ከሥሯ ያፈሳሉ፤ ቅጠሏን አያርሱም። በፀሐይ የሚግለውን ታኒካ ጥለው ሸክላ ገዙ። ሸክላውን በሩዝ ጆንያ ጠቅልለው ጆንያውን ያርሱታል፤ እርጥበቱ ሲተን ሸክላውን እንደ እንስራ ያቀዘቅዘዋል። አፈሩን እኩል በአሸዋ ይቀላቅላሉ፤ ጤና አዳም እግሯ ውኃ ውስጥ ሲቆም አትወድምና። ከቀትር እስከ ዐሥር ሰዓት ደግሞ አሮጌ ነጠላቸውን በአራት እንጨት ወጥረው ያጠሉባታል። ሰው ቤት ሲሠሩ ውለው የሚገቡ ሴት ይህን ሁሉ በየቀኑ ያደርጉ ነበር።

ከጤና አዳሟ ሌላ የሚዘሩትም ነበር፤ የመዝሪያው ወራት ግን ተገለበጠ። አገር ቤት ሰው ዝናብ ጠብቆ ይዘራል፤ እሳቸው ሙቀቱ እስኪሰበር ጠብቀው ፌጦውን ኅዳር ላይ፣ በሶብላውን ብርዱ ሲያልፍ የካቲት ላይ ይዘሩ ነበር። ከኅዳር እስከ መጋቢት ያ ጣሪያ የሐርቡ ጓሮ ነው።

አቆራረጡን እኔን ያስተማሩኝ በቁጣ ነው። ከእንጨቱ ከፍ ብሎ፣ ለስላሳውን ብቻ፣ ከአንድ ግንድ ሲሶውን ሳያልፉ፣ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ። እኔ ግን አንድ አርብ ቀትር ላይ እጅጌዬን ሰብስቤ ስቆርጥ ዋልኩ። በማግስቱ ክንዴ ቀላ፤ ከዚያ የፈላ ውኃ የፈሰሰበት ይመስል ውኃ ቋጠረ። የጤና አዳም ፈሳሽ ቆዳ ላይ እንዳለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። አገር ቤት ለቡና አንዲት ዘለላ ስንቀነጥብ ይህን ጠባይዋን አናየውም። ጥቁር ምልክቱ ክንዴ ላይ ወራት ቆየ። ከዚያ ወዲህ ስቆርጥ ጓንት አደርጋለሁ፤ እናንተም አድርጉ።

ማድረቁ ግን ሪያድ ላይ ቀላል ነው። አየሩ ራሱ ደረቅ ስለሆነ ዘለላውን በክር አስረው ጥላ ውስጥ ቁልቁል ከሰቀሉት በሁለት በሦስት ቀን ይንኮሻኮሻል። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ሽታው ይሄዳል፤ የቀረው ገለባ ነው። ከዚያ ጠርሙስ ውስጥ ይገባና ክዳኑ ይጠብቃል። ቢጫ አበባዋ ረግፎ ፍሬ ስትቋጥር ደግሞ ፍሬውን ለብቻ ይለቅሙታል፤ እሱ ለበርበሬና ለአዋዜ ነው።

ሰው ሲጠይቃቸው ለሆድ ቁርጠት አንዲት ዘለላ ከቡና ጋር ይሰጣሉ፤ ሁለት አይሰጡም። አንዲት ነፍሰ ጡር መጥታ ብትለምናቸው እንኳን ቅጠሉን ሊሰጧት ሽታው ካለበት አላስቀመጧትም። ጤና አዳም በብዛት ከተወሰደች ማህፀን ታኮማትራለች፤ ጉበትንም ኩላሊትንም ትጎዳለች። ልጅቷ ተቀይማቸው ነበር። እሳቸው ግን ታክሲ አስጠርተው ወደ ሐኪም ላኳት።

ስለ ፌጦ አንድ ነገር ልንገራችሁና ወደ ዋናው እሄዳለሁ። የእኔዋ ማዳም የወለደች ጊዜ እናቷ መጡና ደቃቅ ቀይ ፍሬ ከወተት ጋር አፍልተው ያጠጧት ጀመር። ቀረብ ብዬ ባየው ፌጦ ነው! «ረሻድ» አሉኝ አሮጊቷ፤ ወገብ ያጠነክራል ብለው ለአራስ የሚሰጡት ነው። እኔም እኛ እንዴት አድርገን እንደምንበላው ነገርኳቸው፤ ወቅጠን፣ በውኃ በጥብጠን፣ ሎሚ ጨምቀን፣ ሚጥሚጣ ነስንሰን በእንጀራ። ዓይናቸውን አፍጥጠው ሰሙኝ። በማግስቱ ሎሚና ሙቀጫ ይዘው ወጥ ቤት መጡ። እዚያ ቤት በገባሁ በሁለት ዓመቴ ወንበር ስበው «ተቀመጪ» ያሉኝ ያን ቀን ነው።

አሁን ወደ ዳማከሴዋ። እመዬ አንዲት ዳማከሴ ነበረቻቸው፤ ከየት እንደመጣች አልጠየቅኳቸውም። እሷ የጣሪያውን ሙቀት ስለማትችል ክፍላቸው ውስጥ መስኮት ሥር ነበር የምትኖረው። እንደምታውቁት ዳማከሴ የምች መድኃኒት ናት። ቅጠሏን በመዳፍ መካከል አድርገው ያሻሹታል፤ መጀመሪያ ይጠወልጋል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ ከዚያ ጥቁር አረንጓዴ ጭማቂ በጣት መሐል ጠብ ይላል። ጠብታው ቡና ውስጥ ይገባል፤ የተረፈው ግንባር ይቀባል፤ መዳፉ ይሸተታል። በ2003 እ.ኤ.አ. የአገራችን ተመራማሪዎች የዳማከሴን ቅጠል በአይጦች ላይ ሞክረው ትኩሳት እንደሚያበርድ አሳትመዋል። ስለዚህ እናቶቻችን ዝም ብለው አልነበረም የሚያሹት።

አንድ የነሐሴ ከሰዓት ታዲያ በግንባታ ሥራ የሚውል አንድ ልጅ ሰዎች ተሸክመው አመጡልን። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ወረቀት የሌለውን ልጅ ግን ማን ሊቆጥርለት? «ምች መታው እመዬ፤ ዳማከሴ ይድረሱለት!» እያሉ ጮኹ። እኔም ሮጬ ቅጠሉን ቀነጠብኩ። ማሸት ጀመርኩ።

እመዬ እጃቸውን ግንባሩ ላይ አደረጉ፤ ወዲያው ብብቱ ውስጥ አስገቡ። ደረቅ ነው። በዚያ ሁሉ ሙቀት ላብ የለውም። ስሙን ጠየቁት፤ የእናቱን ስም ነገራቸው። ደግመው ቢጠይቁት ዓይኑ ወደ ላይ ሄደ።

«ጣዪው» አሉኝ፤ መዳፌ ውስጥ ያለውን ቅጠል ማለታቸው ነው። «ይሄ ምች አይደለም። ምች ያልባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ አፍ ያቆስላል። ይሄ ልጅ እየነደደ ነው።»

ለሱብሂ ያዘጋጁትን ባልዲ ውኃ ልብሱ ላይ አፈሰሱት። አንሶላ ነክረን አለበስነው፣ ማራገቢያውን አዞርንበት፣ ከታች ካለው ሱቅ በረዶ መጥቶ ብብቱና አንገቱ ሥር ገባ። አንዱ ውኃ ሊያጠጣው ሲል እመዬ እጁን መቱት፤ ራሱን የሳተ ሰው ውኃው ወደ ሳንባው ይገባል። ከዚያ «997 ደውሉ» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። 997 ቀይ ጨረቃ ነው፤ አምቡላንስ ሲመጣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ይጠየቃል፤ ልጁም ኢቃማ የለውም፣ እዚያ ቤት ካለነውም ያልነበረው ብዙ ነው፣ እሳቸውን ጨምሮ። ማንም ስልኩን አላነሣም።

እሳቸው አነሡት። ከዚያ ለእኛ በሩን አሳይተውን ብቻቸውን ከልጁ ጋር ቀሩ።

ልጁ ተረፈ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የደረቀ የበግ በጠጥ ከከብት ገበያ ተሸክሞ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ «ለጤና አዳሟ ነው» አለ። የዚያን ዓመት የለመለመችውን ያህል ለምልማ አታውቅም።

በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት 25 ወረቀት ለሌላቸው ሠራተኞች የተሰጠው የምሕረት ጊዜ አልቆ አፈሳው ተጀመረ። ጥቅምት 30 መንፉሃ ውስጥ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ደም ፈሰሰ፣ ሰው ሞተ። በጥቂት ወራት ውስጥ 160 ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያን ወደ አገር ተመለሱ። እመዬም ከእነሱ አንዷ ናቸው። ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ሌሊት ሸክላዎቹን አንድ በአንድ አከፋፈሉ። ዳማከሴዋን ለልጁ ሰጡት። ለእኔ ጤና አዳሟን፣ ከነጆንያዋ፣ ከነነጠላዋ። እኔ ወረቀት ነበረኝና ቀረሁ።

አሁንም አለች። ግንዷ እንጨት ሆኗል፤ ሦስት ጊዜ ከቅርንጫፏ አዲስ አውጥቻለሁ። ባለፈው አርብ እመዬ ከሐርቡ ደወሉልኝ። ደህንነቴን ጠየቁ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«አበበች?»

«አዎ እመዬ፤ ቢጫ በቢጫ ናት።»

«እንዳትቆርጫት። ዘሯን ልቀሚና ያቺ አዲስ የመጣችው የጎረቤትሽ ልጅ አለች አላልሽኝም? ለእሷ ስጫት። ውኃውን ማታ ቀድታ እንድታሳድር ንገሪያት።»