የቡና ፍሬና የሯጭ ጉልበት፤ ስለ አንድ ምርምርና ስለ ከፋዮቹ

ከጅማ ተነሥቶ በቦንጋና በሚዛን በኩል ወደ ቴፒ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከወይና ደጋው ሙቀትና እርጥበት ወደ በዛበት ምድር እየተሸጋገረ፣ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የተተከለውንና ወፍ ዘራሹን ቡና በግራና በቀኝ እያየ ሲጓዝ፣ ይህ አገር ከአትሌቲክሳችን ክብር አንዳች ድርሻ የሌለው መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም። ቴፒ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ከተማ ስትሆን፣ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያስገኘው የበቆጂ ምድር ግን ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል፤ ስለ ሯጮቻችን የሚነገረውም ነገር ሁሉ ስለዚያ ስለ ደጋው አየር፣ ስለ አርሲና ስለ ሸዋ ነው። ይሁንና የረጅም ርቀት ሩጫን የሚመረምሩ ሊቃውንት ካለፈው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም ካፈሰሱባቸው ነገሮች አንዱ፣ ከዚሁ ከካፋ፣ ከሸካና ከቤንች ጫካ ወጥቶ ዓለምን የሞላው ፍሬ በውስጡ የያዘው ካፌይን መሆኑን ስናስብ፣ ቴፒ በሩጫው ታሪክ ውስጥ ያላት ስፍራ ከሚታየው ይልቅ የጠለቀ ሆኖ እናገኘዋለን። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቡናን ለጽናት መጠቀም በቤተ ሙከራ የተጀመረ ነገር አይደለም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የኦሮሞ ዘማቾች ሰው በማይኖርበት በረሃ ረጅም መንገድ ሲያቋርጡ የተቆላና የተወቀጠ ቡና በቅቤ ለውሰው፣ በድቡልቡል ቅርጽ አዘጋጅተው በስልቻ እንደሚይዙ፣ አንዲቱም ድቡልቡል ከእንጀራና ከሥጋ ይልቅ ሰውን ቀኑን ሙሉ በብርታት እንደምታውል ተርኳል። ይህ ልማድ ቡና ቀላ እየተባለ እስከ ዛሬ በበዓልና በምርቃት ጊዜ በኦሮሞ ዘንድ ይገኛል። በቴፒና በሚዛን አካባቢ ደግሞ ሸኮው፣ ቤንቹና መዠንግሩ ከፍሬው ይልቅ ቅጠሉን አፍልተው፣ በቃሪያና በዝንጅብል፣ በልዩ ልዩ ጠረን ባላቸው ቅጠላ ቅጠሎችም አጣፍጠው ይጠጡታል፤ ጨሞ የሚባለው ይህ ነው፤ ጠዋት ወደ እርሻ ከመውጣት በፊት ቤተሰብና ጎረቤት ተሰብስቦ የሚቀምሰው፣ ለሥራ የሚያነቃ መጠጥ ነው። በደጋው የክርስቲያን አገር ቡና ለብዙ ዘመን በካህናቱ ዘንድ እንደ ባዕድ ልማድ ተቆጥሮ ሲነቀፍ ቆይቶ በሰፊው የተለመደው በዐፄ ምኒልክ ዘመን መሆኑ ይታወቃል። እንግዲህ ጥንተ ነገሩን ለተመለከተ ሰው፣ ሥጋን ለረጅም ድካም በቡና ማዘጋጀትን ያስተማረው መምህር፣ ስሙ ያልተጻፈው የደቡብ ምዕራቡ ገበሬና መንገደኛ ነው።

የፍሬው ምሥጢር በኬሚስትሪ የተገለጠው በ1819 ነበር። ታላቁ ጀርመናዊ ባለቅኔ ጎተ፣ ፍሪድሊብ ሩንገ የተባለ ወጣት ተመራማሪ በዬና ከተማ የሠራውን ሙከራ አይቶ በመደነቅ ጥቂት የቡና ፍሬ አንሥቶ ሰጠው፤ ወጣቱም ያን መርምሮ ካፌይንን ለይቶ አወጣ። በዚያ ዘመን ለምርምር የተሰጠው ስጦታ እፍኝ ቡና ብቻ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጥያቄው ከኬሚስቶች እጅ ወጥቶ የሰውን አካል ወደሚመረምሩት ደረሰ።

በአሜሪካ፣ በኢንዲያና ግዛት፣ በቦል ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዴቪድ ኮስቲል ከባልደረቦቹ ጋር በ1978 ያሳተመው ጥናት በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደ ማዕዘን ድንጋይ የሚቆጠር ነው። ዘጠኝ ተወዳዳሪ ብስክሌተኞችን ሰብስቦ፣ ከሙከራው 60 ደቂቃ በፊት አንድ ጊዜ 330 ሚሊግራም ካፌይን ያለበት ቡና፣ ሌላ ጊዜ ካፌይኑ የወጣለት ቡና አጠጥቶ፣ አካላቸው ሊጠቀምበት ከሚችለው ኦክስጅን 80 በመቶውን በሚጠይቅ ብርታት እስኪዝሉ ድረስ አስነዳቸው። ካፌይን የወጣለትን የጠጡ ጊዜ በአማካይ 75.5 ደቂቃ፣ እውነተኛውን ቡና የጠጡ ጊዜ 90.2 ደቂቃ ጸኑ። ኮስቲል የዚህን ምክንያት ሲያስረዳ፣ ካፌይን ስብ እንዲነድ እያደረገ በጡንቻ ውስጥ የተከማቸውን ስኳር ያቆያል ብሎ ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን ዋነኛው ምክንያት በአንጎል ውስጥ ድካምን የሚያሳውቀውን መልእክት ካፌይን መግታቱ ነው ይላሉ። በ1998 በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሯጮችን መርምረው፣ በእንክብል የተወሰደው ካፌይን ሲጠቅም ያው መጠን በቡና መልክ ሲጠጣ ጥቅሙ እንዳልታየ ጻፉ፤ በ2013 ደግሞ በእንግሊዝ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ቡናውም ከእንክብሉ እንደማያንስ አሳዩ። ነገሩን በዚህ ሁሉ ዝርዝር የማቀርበው፣ ስለ አንድ ፍሬ የሚነሣ አንድ ጥያቄ ብቻውን በሦስት አገር ሦስት ቤተ ሙከራ፣ ገንዘብና ሠላሳ አምስት ዓመት እንደ ጠየቀ አንባቢ እንዲያስተውል ነው።

የውድድሩ ዓለምም በፍሬው ላይ ፍርድ ሲሰጥና ፍርዱን ሲሽር ኖሯል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ1980ዎቹ ካፌይንን ከተከለከሉት አበረታች ንጥረ ነገሮች መዝገብ አስገብቶ፣ በአንድ ሚሊሊትር ሽንት ውስጥ ከ12 ማይክሮግራም በላይ የተገኘበትን ስፖርተኛ ጥፋተኛ ያደርግ ነበር። ይህ ሕግ የተነሣው ጥር 1 ቀን 2004 ነው። በዚያው በ2004፣ ከዚሁ ከደቡብ ምዕራቡ ጫካ ጋር የተያያዙ ሌሎች ሁለት ነገሮች ተሰምተዋል፤ የጌሻ ቡና በፓናማ ውድድር አሸንፎ በዓለም ገበያ ስሙ ገነነ፣ የብራዚል ተመራማሪዎችም የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መልእክተኞች በ1964 እና በ1965 ከኢትዮጵያ ሰብስበዋቸው ከነበሩት ዘሮች መካከል በተፈጥሮው ካፌይን የሌለው ቡና ማግኘታቸውን ኔቸር በተባለው መጽሔት አወጁ። በዚህ ሦስተኛው ነገር ኢትዮጵያ ቅሬታዋን ማሰማቷ የሚታወስ ነው። እኔ ግን ከቅሬታው ይልቅ የሚያስቆጨኝ ሌላ ነው፤ ዘሩ በእኛ ምድር በቅሎ ሳለ፣ በሦስት ሺህ ዛፎች መካከል አንድ በአንድ እየመረመረ የሚፈልገው ሰው ደመወዙ የተከፈለው በብራዚሏ ከተማ በካምፒናስ እንጂ በጅማ ወይም በቴፒ አልነበረም።

ስለ ገንዘቡ መናገር ደስ የማያሰኝ ቢሆንም፣ ያለ እርሱ ይህ ታሪክ አይገባም። አውስትራሊያ በ1976 ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ አንድም ወርቅ ሳታገኝ በመመለሷ ሕዝቡ አዝኖ፣ መንግሥቱም በ1981 በካንቤራ ታላቅ የስፖርት ተቋም አቆመ፤ በቀድሞው ሽንፈት ምክንያት የተገነባው ቤት ሐኪሞችን፣ የምግብ ሊቃውንትንና የአካል ተመራማሪዎችን በቋሚ ደመወዝ አስቀመጠ። ብሪታኒያም በ1996 ከአትላንታ አንድ ወርቅ ብቻ ይዛ ከተመለሰች በኋላ የብሔራዊ ሎተሪዋን ገንዘብ ለስፖርተኞቿ ዝግጅትና ለሳይንሱ አዋለች። እኛ በሞንትሪያል፣ በሎስ አንጀለስና በሴኡል በፖለቲካ ምክንያት ሳንገኝ ቀረን፤ በተገኘንበትም ጊዜ ብዙውን ጊዜ ድል ስላደረግን፣ ለምን እንደምናሸንፍ ለመመርመር የሚያስገድድ ሽንፈት አልነበረንም።

አበበ ቢቂላ በሮም አውራ ጎዳና በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ ባሸነፈ ጊዜ፣ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ የሥልጠናው ሳይንስ ሁሉ የተጠራቀመው በአንድ ሰው በሲዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ልብና ማስታወሻ ውስጥ፣ ወጪውም በክብር ዘበኛ ሠራዊት ላይ ነበር። ከቶኪዮው ውድድር ስድስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ይኸው ሰው በ1964 ዳግመኛ አሸነፈ፤ በ1969 በመኪና አደጋ ሽባ በሆነ ጊዜ ግን ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል መሄድ ነበረበት። በሁለቱ መካከል የሜክሲኮ ኦሊምፒክ አለ። ከተማዪቱ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኗ ባለጸጎቹ አገሮች ደንግጠው ለከፍታ ምርምር ገንዘባቸውን አፈሰሱ፤ ፈረንሳይ በፒሬኔ ተራራ ላይ ፎን ሮሜን የሠራችው ለዚሁ ነው። ማሞ ወልዴ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሲያሸንፍ የተነፈሰው አየር ግን ከልጅነቱ የለመደውን የሚመስል ነበር። ያ ወርቅ የእኛ ሲሆን፣ ስለ ከፍታና ስለ ደም የተጻፈው ዕውቀት የእነርሱ ሆነ፤ ዕውቀቱ ግን ከወርቁ ይልቅ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ርስት ነበር።

የኢትዮጵያን ሯጮች በሰፊው የመረመረው ቡድን የተነሣው ከግላስጎው ዩኒቨርሲቲ፣ ከያኒስ ፒትሲላዲስና ከባልንጀሮቹ ነው። በ2003 ባሳተሙት ጥናት 114 የብሔራዊ ቡድን አትሌቶችን ጠይቀው፣ የማራቶን ሯጮቹ አብዛኞቹ ከአርሲና ከሸዋ መሆናቸውን፣ ከሌላውም ሕዝብ ይልቅ በልጅነታቸው ወደ ትምህርት ቤት እየሮጡ ይሄዱ የነበሩ መሆናቸውን ገለጹ። ቀጥሎም በእናት የሚወረሰውን የዘር ሐረግ መርምረው፣ ሯጮቹ ከሌላው ኢትዮጵያዊ የተለዩ አንድ ነገድ አለመሆናቸውን አሳዩ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2009 የዱባይን ማራቶን በሮጠ ጊዜ ከክብደቱ 9.8 በመቶ ያህሉን በላብ እንዳጣ የለኩትም ከእነዚሁ ወገን ናቸው፤ መጻሕፍቱ ከ2 በመቶ በላይ ውሃ ያጣ ሰው ይደክማል ሲሉ፣ ያ ሰው አንደኛ ወጥቶ ነበር። ፒትሲላዲስ በኋላ ማራቶንን ከሁለት ሰዓት በታች ለማስሮጥ 30 ሚሊዮን ዶላር የሚጠይቅ ዕቅድ አውጥቶ ከፋይ ፈለገ፤ ቀነኒሳ በ2016 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ የሮጠው በዚያ ወገን ሊቃውንት እየተረዳ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል፤ ያለ እነርሱ ድካም ስለ ራሳችን የምናውቀው እጅግ ያንስ ነበርና። ነገር ግን ጥያቄው ከግላስጎው ሲነሣ፣ የሚጠየቀው ግላስጎውን የሚያስደንቀው ነገር ነው፤ እነዚህ ሰዎች ለምን ያሸንፋሉ? የሚል። የአሰላው ወይም የበቆጂው አሠልጣኝ ግን ሌላ ጥያቄ አለው፤ ይህች ልጅ በዐቢይ ጾም እየሮጠች እንዴት ሳትጎዳ ትዝለቅ? ይላል።

የጾሙን ነገር ሆነ ብዬ አነሣሁት። በቱኒዚያና በቃጣር በረመዳን የሚጾሙ ስፖርተኞች እንቅልፍ፣ ውሃና ጉልበት በብዙ ጥናት ተመርምሯል፤ ምክንያቱም ገንዘቡን የሰጡት ራሳቸው የሚጾሙ ሕዝቦች ናቸው፤ በዶሃ የቆመው አስፔታር የተባለው የስፖርት ሆስፒታልም ለዚህ ምስክር ነው። ይሁን እንጂ በዐቢይ ጾም ኀምሳ አምስት ቀን ከሥጋና ከወተት ርቆ፣ ማለዳ ልምምድ ሠርቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ የሚቆይ ሯጭ ደም ውስጥ የብረት መጠኑ ምን እንደሚሆን፣ አጥንቱና ጅማቱ እንዴት እንደሚጠገኑ በዚያ ስፋት የመረመረ ማንም የለም። ይህን የሚጠይቅ ከጿሚው በቀር ማን ይኖራል?

እንደዚሁም ስለ ቡናው። ዛሬ ሊቃውንቱ ለሯጭ የሚጠቅመው መጠን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም ነው ይላሉ፤ 55 ኪሎ ለሚመዝን ሯጭ ይህ ከ165 እስከ 330 ሚሊግራም ይሆናል። ግን የእኛ ሯጭ የሚጠጣው ከጀበና ነው፤ ከቴፒ በመጣ ቡና ከተፈላ አቦል፣ ከቶናውና ከበረካው በየሲኒው ስንት ሚሊግራም ይገባዋል? ቡናው ከየት ጫካ እንደ ተለቀመ፣ ምን ያህልም እንደ ተቆላ ልኩ ይለያያል፤ የእንክብሉን መጠን የሚናገረው መጽሐፍ ለጀበናው አይበቃም። ይህን ለመለካት ፎን ሮሜን መሥራት አያስፈልግም። በቴፒ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ በእኛ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም የተመሠረተው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱ ከተሞች ግቢ፣ በሚዛን አማንም የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው፤ በበቃና ቴፒ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች ናቸው፤ ኃይሌ ራሱም በዚሁ በደቡብ ምዕራቡ ምድር የቡና እርሻ ባለቤት ነው። ኢትዮጵያ ከቡና በዓመት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ በምታገኝበት በዚህ ዘመን፣ ከዚያ ገቢ ከሺህ አንድ እጅ ቢነሣ 2 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል፤ አትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ሯጮቹን፣ ዩኒቨርሲቲው ሐኪሞቹንና መምህራኑን ቢያቀርቡ፣ ኮስቲል በዘጠኝ ሰዎች የጀመረውን ያህል ሥራ በዚህ ገንዘብ ለብዙ ዓመት መሥራት ይቻላል። የመጀመሪያው ጥናት የጾሙ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ከዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት የሯጮቹ ደም ተወስዶ፣ በደብረ ዘይት ሰሞን ተደግሞ፣ ከትንሣኤ በኋላም ለሦስተኛ ጊዜ ቢመረመር፣ የበቆጂው አሠልጣኝ ለልጆቹ የሚነግራቸው የተረጋገጠ ቃል ያገኛል።