በአላፊ አግዳሚ ፊት ላይ የቅንብርና የመከርከም ታሪክ

ሰው ፎቶግራፍ እንደሚነሣ ሲያውቅ አንገቱን ያቀናል፤ ልብሱን ያስተካክላል፤ ሊታይ የሚወደውን ሰው ሆኖ ይቀርባል። የፎቶ ቤት ሥራ ለብዙ ዘመን የቆመው በዚህ ስምምነት ላይ ነው። ስምምነቱን ሆን ብለው ከጣሱት ቀደምት ባለሙያዎች አንዱ አሜሪካዊው ፖል ስትራንድ ነበር። በ1916 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኒውዮርክ ጎዳናዎች ሲሠራ በካሜራው ጎን የሐሰት ሌንስ ገጥሞ ወደ አንድ ወገን ያነጣጠረ እየመሰለ በሌላው ወገን ያለውን ሰው ያነሣ ነበር።

ከዚያ ሥራው እጅግ የታወቀው በ1917 «ካሜራ ዎርክ» በተባለው መጽሔት የመጨረሻ እትም የወጣው የዓይነ ሥውሯ ሴት ምስል ነው። ካሜራውን ልታይ ለማትችል ሴት ማታለያው ምንም እንደማይጨምር ልብ ይሏል። ስትራንድ ፊቷን አቅርቦ ምስሉን ሞላው፤ ይሁን እንጂ ከአንገቷ በታች ዓይነ ሥውር መሆኗን የሚናገረውን ጽሑፍና የጎዳና ነጋዴነት ፈቃዷን ባጅ አላስቀረም። ጠርዙ አገጯ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የሚታየው የአንዲት ሴት ሥቃይ ብቻ ይሆን ነበር። ባጁ ሲጨመር ግን ችግረኛን መዝግቦ ወደ ጎዳና የሚመልስ ከተማ አብሮ ይታያል።

ጉዳዩን ወደ ሌላ ደረጃ ያደረሰው ዎከር ኤቫንስ ነው። ኤቫንስ ከ1929ኙ የኢኮኖሚ ድቀት በኋላ የገጠሩን ድህነት ለአሜሪካ መንግሥት በፎቶግራፍ ሲመዘግብ ቆይቶ፣ ከ1938 እስከ 1941 ባሉት ዓመታት ወደ ኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ወረደ። በዚያ ዘመን በ5 ሳንቲም የሚሳፈረው ሕዝብ ከየመደቡ የተውጣጣ ነበር። ኤቫንስ የሚያብረቀርቀውን ክፍል ጥቁር የቀባውን ኮንታክስ ካሜራ ከካፖርቱ ሥር ደብቆ፣ ሌንሱን በቁልፎቹ መካከል አሾልኮ፣ ማንሻውን የሚጫነውን ቀጭን ሽቦ በእጅጌው ውስጥ እስከ መዳፉ አወረደ። ወጣቷ ፎቶግራፍ አንሺ ሄለን ሌቪትም አንዳንድ ጊዜ አብራው ትጓዝ ነበር።

ዓይኑን ወደ ካሜራው መመልከቻ ማድረስ ስለማይችል ቅንብሩን በሥፍራው መጨረስ አልቻለም። የሚመርጠው ወንበሩንና ቅጽበቱን ነበር፤ የቀረው ወደ ጨለማው ክፍል ተላለፈ። ሁለት ተሳፋሪዎች ካሉበት ኔጋቲቭ አንደኛው ሲከረከም የቀረው ሰው ብቸኛ ይሆናል፤ ሁለቱም ሲቀሩ ትከሻ ለትከሻ የተጣበቁ እንግዶች ይሆናሉ። እንግዲህ መከርከም ትርፍን መጥረግ ብቻ አይደለም፤ ስለ ሰውየው የሚሰጥ ቃል ነው። ዋጋም አለው፤ ስፋቱ 24 በ36 ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ ፊልም ላይ ጥቂት ክፍል ቆርጦ ሲያጎሉት ምስሉ ይሻክራል።

ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን በአንጻሩ ቅንብር በማንሻው ቅጽበት ያልቃል ባይ ነበር። ይሁንና በ1932 ከሳን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ በአጥር ቀዳዳ ያነሣው፣ በውኃ ላይ የሚዘል ሰው የሚታይበት ዝነኛ ምስል ተከርክሞ የታተመ ነው። ምስሉን ይህ አያሳንሰውም፤ ሕጉን ግን ያላላዋል።

ኤቫንስ ያልተጠየቁትን ሰዎች ፊት በመጽሐፍ ለማውጣት ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቆየ። መቅድሙን በ1940 የጻፈው ጄምስ ኤጂ በ1955 ሲሞት መጽሐፉ ገና አልወጣም ነበር። በ1966 ሲታተም 89 ምስሎችን ይዞ፣ ርእሱንም የተጠሩ ብዙዎች እንደሆኑ ከሚናገረው የወንጌል ቃል ወስዶ ነው።

ከባቡር ውስጥ ሥራዎቹ በአንዱ አኮርዲዮን የሚጫወት ዓይነ ሥውር በወንበሮቹ መካከል ሲያልፍ ይታያል። እዚህ ኤቫንስ እንደ ስትራንድ ወደ ፊቱ አልቀረበም። ሠረገላውን፣ በግራና በቀኝ የተደረደሩትንም ተሳፋሪዎች ትቶለታል።