የካንሰር የደም ምርመራን በአይጥ መፈተሽ

የካንሰር የደም ምርመራን በአይጥ መፈተሽ፣ ምርመራው በሰው ላይ ከመዋሉ በፊት የሚለካው ነገር በእርግጥ ከዕጢው የሚመነጭ መሆኑ በቤተ ሙከራ አይጦች የሚጣራበት ዘዴ ነው።

ቀደምት ምሳሌው አልፋ-ፌቶፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን በጽንስ ጉበት ይመረታል፤ ከልደት በኋላ በደም ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1963 የሶቪየት ኅብረቱ ተመራማሪ ጋሪ አቤሌቭና ባልደረቦቹ የአይጥ ጉበት ካንሰር ፕሮቲኑን እንደገና እንደሚያመነጭ አሳዩ። በ1964 ደግሞ ዩሪ ታታሪኖቭ በጉበት ካንሰር ታማሚ ሰው ደም ውስጥ አገኘው።

ከ1969 ወዲህ የሰው ዕጢ የመከላከያ አቅማቸው በተጓደለ ጸጉር አልባ አይጦች ላይ ይተከላል። በእንዲህ ዓይነቷ አይጥ ደም ውስጥ የሰው ዲኤንኤ ከተገኘ ምንጩ የተተከለው ዕጢ ነው። ሆኖም የአይጧ ጠቅላላ ደም 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ደጋግሞ መቅዳት ያስቸግራል።

ምርመራው ካንሰር የሌለበትን ሰው በስህተት ታማሚ ይል እንደሆነ ግን አይጥ አታሳይም። አልፋ-ፌቶፕሮቲን በእርግዝና፣ በሄፓታይተስና በጉበት ጠባሳም ይጨምራል፤ አንዳንድ የጉበት ካንሰሮች ደግሞ ጭራሽ አያመነጩትም። ሄፓታይተስ ቢ በተስፋፋባት ኢትዮጵያ ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም፤ የደም ውጤቱ ከአልትራሳውንድና ከሌሎች ምርመራዎች ጋር ተያይዞ ይነበባል።