የቡገንቪሊያ ሐረግና ስሟ የዘገየው ባለሞያ

በየግቢያችን አጥር ላይ ተንጠላጥሎ ሐምራዊና ቀይ ቀለሙን የሚያፈሰው ቡገንቪሊያ ለሞያ ጓደኞቻችን እንግዳ አይደለም። አበባ እያልን የምናደንቀው ባለ ቀለሙ ክፍል መልኩን የለወጠ ቅጠል ነው፤ እውነተኛዎቹ አበቦች በመካከሉ የሚገኙት ሦስት ጥቃቅን ነጣ ያሉ ቱቦዎች ናቸው። ዓይን የሚስበው አንዱ፣ ፍሬ የሚያፈራው ሌላው ነው። የስሙም ታሪክ ከዚህ አይርቅም።

እ.ኤ.አ. በ1766 የፈረንሳዩ መኮንን ሉዊ አንቷን ደ ቡገንቪል ዓለምን በመርከብ ሊዞር ሲነሣ፣ የጉዞው የዕፀዋት ሊቅ ፊሊቤር ኮመርሶን ነበር። በ1767 ሪዮ ዴ ዣኔሮ በደረሱ ጊዜ ይህ ሐረግ ለናሙና ተሰበሰበ። ኮመርሶን እግሩን ይታመም ስለ ነበር፣ ዕቃውን ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣው ረዳቱ ነበር። ይህም ረዳት የወንድ ልብስ የለበሰች ዣን ባሬ የተባለች ሴት ነበረች፤ የባሕር ኃይሉ ሕግ ሴት በመርከብ እንዳትሳፈር ይከለክል ነበርና።

ኮመርሶን በ1773 ዛሬ ሞሪሸስ በምትባለው ደሴት ሞተ። በ1789 አንቷን ሎራን ደ ዡስዩ የተክሉን ወገን ባሳተመ ጊዜ የጸናው የመኮንኑ ስም ነው። ለባሬ በ1785 ከባሕር ኃይል በዓመት 200 ሊቭር ጡረታ ተቈረጠላት፤ ስሟ ግን በአንድ ተክል ላይ የተጻፈው በ2012 ሲሆን፣ እርሱም ከድንችና ከቲማቲም ወገን የሆነ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው።

ይህ ነገር የእኛንም ሥራ ይነካል። ብዙዎቹ ድቅል ቡገንቪሊያዎች ዘር ስለማይሰጡ የሚራቡት በቁራጭ ነው። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ከፊሉ የጠነከረ ቅርንጫፍ በስለታም መቀስ ይቈረጣል፤ የታች ቅጠሎቹ ተለቅመው አሸዋ በበዛበት አፈር ይተከላል። ሥሩ ሲዛወር በቀላሉ የሚበጠስ በመሆኑ፣ ችግኙ ከነአፈሩ መነሣት አለበት። ቁራጩ የእናቱን ቀለም ሳይለውጥ ይይዛል፤ ከየትኛው እናት በማን እጅ እንደ ተቈረጠ ግን ካልተጻፈ በቀር አይናገርም።

ስለዚህ በየችግኝ ጣቢያው መዝገብ ከዝርያው ስምና ከቀኑ ጎን የቈራጩ ሠራተኛ ስም ቢሰፍር፣ ለሥራው ትክክለኛነት ይጠቅማል፤ ለሠራተኛውም የሚገባው ነው። ለባሬ ከ200 ዓመት በላይ የዘገየው ነገር ለእኛ የአንድ መስመር ጽሕፈት ብቻ ነው።