ጨረር ያልነካቸው ጦጣዎች

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የአሜሪካ አየር ኃይል ሬሰስ በመባል የሚታወቁትን ጦጣዎች ለፕሮቶን፣ ለኤሌክትሮንና ለኤክስሬይ ጨረር ማጋለጥ ጀመረ። ዓላማው ወደ ሕዋ የሚጓዝ ሰው የሚያገኘው ጨረር ከብዙ ዓመታት በኋላ ምን ጉዳት እንደሚያስከትል መረዳት ነበር። በመሆኑም እንስሳቱ ቴክሳስ ውስጥ ሳን አንቶኒዮ በነበረው የብሩክስ አየር ኃይል ሰፈር፣ ጨረር ካልነካቸው የማነጻጸሪያ ቡድን ጦጣዎች ጋር፣ እስኪያረጁ ድረስ ክትትል ተደረገላቸው።

ዓመታት ሲያልፉ ከሴቶቹ ብዙዎቹ ኢንዶሜትሪዮሲስ ያዛቸው። ጦጣ ሕመሟን መናገር አትችልም። በወር አበባዋ ሰሞን ምግብ ትተዋለች፣ ትደበታለች፤ ሆዷ ሲዳሰስ እብጠት ይገኛል። በሽታው አንጀትን ሲያጣብቅ ሰገራ እስከ መከልከል ይደርሳል።

በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ጨረር ካገኙት ሴት ጦጣዎች በ17 ዓመታት ውስጥ 53 በመቶዎቹ በበሽታው ተይዘዋል፤ ካላገኙት ደግሞ 26 በመቶዎቹ። ትኩረት የሳበው የመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ ሆዷ ላይ ጨረር የሚያርፍባት ሴት ጉዳይ ቀላል አይደለምና ተገቢ ነው። ለማህፀን ሐኪም ግን ሁለተኛው ቁጥር ይበልጥ ያነጋግራል። ጨረር ሳይነካቸው ከአራቱ አንዷን ያሳመመው ምንድን ነው?

የመልሱ አንድ ክፍል በአኗኗራቸው ውስጥ ይገኛል። በዱር ያለች ጦጣ አብዛኛውን የጎልማሳነት ዕድሜዋን በእርግዝናና በማጥባት ስለምታሳልፍ የወር አበባ የምታየው ጥቂት ጊዜ ነው። ተይዛ ሳትጸንስ የምትኖረው ግን ልክ እንደ ሰው በየ28 ቀኑ ገደማ ለዓመታት ታያለች። አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም ጆን ሳምፕሰን በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው የወር አበባ ደም በማህፀን ቱቦዎች ወደ ኋላ ፈስሶ ሕዋሳትን በሆድ ዕቃ ውስጥ የሚዘራ ከሆነ፣ እነዚህ ጦጣዎች ለዘሩ ረጅም ጊዜ ሰጥተውታል።

ተመሳሳይ ነገር በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲም ታይቷል። ለአራት ዓመታት ዳይኦክሲን በምግባቸው የተሰጣቸው ሬሰስ ጦጣዎች ከአሥር ዓመት በኋላ በላፓሮስኮፒ ሲመረመሩ፣ ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት ሰባት ውስጥ አምስቱ ኢንዶሜትሪዮሲስ ተገኘባቸው። ውጤቱ በ1993 እ.ኤ.አ. ሲታተም ብዙ ክርክር አስነሣ፤ በሴቶች ላይ በኋላ የተደረጉት ጥናቶችም እርስ በርስ አልተስማሙም። ከክርክሩ ጀርባ የቀሩት ግን ዳይኦክሲን ያልቀመሱት ስድስቱ ናቸው፤ ከእነርሱም ሁለቱ ታመው ነበር።