«ኮሬክት» የሚለው ቃልና የሶፍ ዑመር ስም

እንግሊዞች «ኮሬክት» የሚሉትን ቃል ስንተረጉም ብዙ ጊዜ «ትክክል» ብለን እናልፋለን። ቃሉ ግን ከላቲን የመጣ ሲሆን፥ ጥንተ ትርጓሜው የጠመመውን ማቅናት ነው። ለዚህ የሚቀርበው የግዕዙ «ርቱዕ» ነው፤ ቀጥ ያለ ማለት ነውና። የኦሮምኛው «ቀጄላ»ም እንዲሁ ቀጥ ያለውንም ትክክለኛውንም ይጠራል። የአማርኛው «ትክክል» ግን ከመተካከል፥ «ልክ»ም ከመለካት የወጡ ናቸው። እንግዲህ እንግሊዞች በአንድ ቃል የሚጠሩትን እኛ በማቅናት፥ በማስተካከልና በመለካት ለይተን እናየዋለን።

ልዩነቱ ከንቱ አለመሆኑን በባሌ የሚገኘው የሶፍ ዑመር ዋሻ ያስረዳናል። የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ ያወጣው ይህ ዋሻ፥ በ1972 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አጥኚዎች ተለክቶ 15.1 ኪሎ ሜትር ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ቍጥር «ኮሬክት ነው» ስንል «ልክ ነው» ማለታችን ነው፤ የሚጠራጠር ቢኖር ገመዱን ይዞ እንደገና ይለካል።

ስሙ ግን በገመድ አይለካም። ዋሻው የተጠራው በዚያ ተጠግተው እንደኖሩ በአፈ ታሪክ በሚነገርላቸው በሼኽ ሶፍ ዑመር አሕመድ ነው። ዐረብኛው «ዑመር» በዐይን ስለሚጀምር፥ በምንጩ ሕግ «ዑ» ብሎ መጻፍ ርቱዕ ነው። አማርኛ ግን የዐይንን የጉሮሮ ድምፅ ስላጣ፥ በድምፅ ሕግ «ኡመር» ያለም አልተሳሳተም። በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ እንዲጻፍበት በተወሰነው በቁቤ ስሙ በ«ኡ» አናባቢ ይጀምራል፤ እንግሊዞች ደግሞ «ኦማር» ብለው ይጽፉታል። አራቱም እየራሳቸው ሕግ አላቸው።

ነገሩ የፊደል ጨዋታ ብቻ አይደለም። በመጻሕፍት ቤት መዝገብ «ኡመር» ብሎ የሚፈልግ ተማሪ፥ በ«ዑመር» የተመዘገበውን ሳያገኝ ይመለሳል። ከዚህም በላይ አንዱን አጻጻፍ ብቻ «ትክክል» ካልን፥ ስሙን ከአባት ከአያት ተቀብሎ የሚጠራውን ያገሩን ሰው በገዛ ስፍራው ስሕተተኛ እናደርገዋለን።

ስለዚህ «ኮሬክት» የሚለው ቃል ዘወትር «በየትኛው ሕግ?» የሚል ጥያቄ እንደሚያስከትል እንረዳለን። በጥናት ጽሑፍ አንዱን አጻጻፍ መርጦ እስከ መጨረሻ መጠበቅ ተገቢ ነው፤ እኛም «ዑመር»ን መርጠናል። ነገር ግን የመረጡበትን ሕግ መግለጥና ሌሎቹን አጻጻፎች ከጎኑ መመዝገብ የአጥኚው ግዴታ ነው።